አሮጌ ፒክአፕ ለምን ይዝጋል? የእርጥበት ሰዓት ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

እስቲ በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት ፒክአፖችን አስቡ። ሁለቱም የ30 ዓመት መኪኖች ናቸው፤ ሞዴላቸውም ቀለማቸውም አንድ ነው። ከአንዱ ሥር ገብታችሁ ሻሲውን በትንሽ መዶሻ መታ ብታደርጉት “ጥን!” ብሎ ይጮኻል። ሌላውን መታ ስታደርጉት ግን ድምፁ የታፈነ ነው፤ ቡናማ ቅርፊትም መሬት ላይ ይረግፋል። የጋራዥ ሰዎች ይህን ሲያዩ “ዝገት በልቶታል” ይላሉ።

ዕድሜያቸው እኩል ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? “አርጅቶ ነው” የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ሁለቱም እኩል አርጅተዋልና። ትክክለኛው መልስ ሌላ ነው፦ ብረትን የሚያዝገው የኖረበት ዓመት ሳይሆን እርጥብ ሆኖ ያሳለፈው ሰዓት ነው። የዝገት ተመራማሪዎች ይህን “የእርጥበት ጊዜ” ብለው ይለኩታል። በተለመደው መለኪያ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ80 በመቶ በላይ፣ ሙቀቱም ከዜሮ ዲግሪ በላይ የሆነበት እያንዳንዱ ሰዓት ይቆጠራል። ይህን አንድ ሐሳብ ከያዛችሁ፣ መኪናን ከዝገት ለማዳን የሚደረገው ነገር ሁሉ ለምን እንደሚደረግ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ጉዳዩ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ሽንኩርት፣ ሲሚንቶ፣ በግ፣ የቤት ዕቃና የፋብሪካ ዕቃ የሚያመላልሱ ብዙ አሮጌ ፒክአፖች አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት በጣም ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ “ይሄ ቢበላሽ ሌላ እገዛለሁ” ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። በእጅ ያለውን ማቆየት የግድ ሆኗል። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ የሕይወት ጉዳይም አለበት፤ እሱን ወደ ኋላ ላይ እናየዋለን።

ዝገት ምንድን ነው?

ብረት ከአፈር ውስጥ ንጹሕ ሆኖ አይወጣም ለማለት ይቻላል። ማዕድኑ ሲወጣ ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ነው። የብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚሠራው ሥራ በከፍተኛ ሙቀት ያንን ኦክስጅን ከብረቱ መንጠቅ ነው። ታዲያ ብረቱ ዕድል ባገኘ ቁጥር ወደ ቀድሞው ሁኔታው ይመለሳል። ዝገት ማለት ይኸው ነው፤ ውሃ ያዘለ የብረት ኦክሳይድ።

ግን ለመመለስ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ውሃና ኦክስጅን። አንዱ ከጎደለ ዝገት የለም ማለት ይቻላል። በደረቅ አየር ውስጥ ኦክስጅን ሞልቷል፤ ውሃ ስለሌለ ግን ብረቱ ዓመታት ይቆያል። ውሃ ኖሮ ኦክስጅን ከሌለበትም እንዲሁ።

ሁለቱ ሲገናኙ ብረቱ ራሱ ትንሽ ባትሪ ይሆናል። በአንደኛው ቦታ ላይ የብረቱ አተሞች ኤሌክትሮኖቻቸውን ጥለው ወደ ውሃው ይሟሟሉ። ይህ ቦታ አኖድ ይባላል፤ ብረት የሚበላበት ቦታ ማለት ነው። ኤሌክትሮኖቹ በብረቱ ውስጥ ተጉዘው ወደ ሌላ ቦታ ይደርሳሉ። እዚያ ኦክስጅንና ውሃ ይቀበሏቸዋል፤ ይህ ካቶድ ነው። ውሃው ደግሞ በሁለቱ መካከል እንደ ሽቦ ሆኖ ወረዳውን ይዘጋል። ውሃው ሲደርቅ ወረዳው ይቋረጣል፤ ባትሪው ይጠፋል። “የእርጥበት ሰዓት” የምንለው እንግዲህ ይህ ባትሪ የሚሠራበት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። የእናታችን የአልሙኒየም ድስት ሁልጊዜ ከውሃ ጋር እየዋለ ለምን እንደ ብረት አይበላም? አልሙኒየምም ከኦክስጅን ጋር ይጣመራል፤ እንዲያውም ከብረት የበለጠ ይቸኩላል። ነገር ግን የሚፈጥረው ሽፋን ቀጭንና ጥብቅ ስለሆነ የሥሩን ብረት እንደ ቆዳ ይሸፍነዋል። የብረት ዝገት ግን ልቅና ስፖንጅ መሰል ነው። ከዋናው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚሆን ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ይፈነዳል፣ ይላጣል፣ አዲስ ብረት ያጋልጣል። ከዚያም በላይ ውሃ ይዞ ይቆያል። ማለትም ዝገት ራሱ የእርጥበት ሰዓትን ያራዝማል። አንድ ጊዜ ከጀመረ እየፈጠነ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

ጭቃ ከውሃ ለምን ይብሳል?

በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ዩሊክ ኢቫንስ አንድ ቀላል ሙከራ ሠራ። በንጹሕ ብረት ላይ አንዲት የጨው ውሃ ጠብታ አኖረ። ብረቱ የት ጋ የሚበላ ይመስላችኋል? ብዙ ሰው አየር በሚያገኘው በጠብታው ጠርዝ ይመስለዋል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አየር እንደ ልቡ የሚያገኘው ጠርዝ ካቶድ ሆነና ተረፈ፤ ኦክስጅን ያጠረው የጠብታው መሀል አኖድ ሆኖ ተበላ።

ይህን ይዘን ወደ ፒክአፑ እንመለስ። ክረምት ላይ ከጎማው የሚፈናጠቀው ጭቃ በፓራፋንጎው ውስጠኛ ጎን፣ በሻሲው ማዕዘኖችና በባሌስትራው መያዣዎች ላይ ይጋገራል። ከላይ ሲታይ ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ግን ለሳምንታት እርጥብ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ከጭቃው ሥር ኦክስጅን ያንሳል፤ ከጭቃው ውጪ ያለው ብረት ግን አየር ያገኛል። ልክ እንደ ኢቫንስ ጠብታ፣ የተሸፈነው ቦታ የሚበላው ይሆናል። ስለዚህ “ጭቃው ቀለሙን ይከላከልለታል” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እውነቱ ተቃራኒ መሆኑን ንገሩት።

ደሴ ላይ ሲያድር፣ ኮምቦልቻ ላይ ሲውል

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመንገድ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም በከፍታ 650 ሜትር ይለያያሉ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚቀዘቅዝ፣ ይህ ልዩነት በአማካይ ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል።

ጥርት ባለ ሌሊት ደሴ ውጪ ያደረ መኪና ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ላሜራው በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ያኔ በአየሩ ውስጥ ያለው ተን ላሜራው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። ዝናብ ሳይዘንብ መኪናው ረጠበ ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ያ የቀዘቀዘ ብረት ሞቅና እርጥብ ወዳለው የኮምቦልቻ አየር ሲወርድ እንደገና ሊያልበው ይችላል። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚያልበው በዚሁ ምክንያት ነው። በሩ ውስጥና ሻሲው ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ላይም ይኸው ይሆናል፤ እዚያ ግን ፀሐይም ንፋስም ስለማይደርስ ቶሎ አይደርቅም።

በዚያ ላይ የደቡብ ወሎ ዝናብ አንድ ወቅት ብቻ አይደለም። ክረምት አለ፤ በልግም አለ። መኪናው ከአንዱ በቅጡ ሳይደርቅ ሌላው ሊደርስበት ይችላል።

ሸራስ? ሰው መኪናውን ለማዳን ብሎ የረጠበ መኪና ላይ አየር የማያስገባ ሸራ ጥብቅ አድርጎ ያለብሳል። ይህ እርጥብ ልብስ አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው። ጣሪያ ኖሮት ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ ይሻላል፤ ዝናብና ጤዛ ይከላከላል፣ ንፋስም ያሳልፋል።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምርላችሁ። መኪናው ራሱም ውሃ ይሠራል። 1 ሊትር ናፍታ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በተን መልክ ይወጣል። ረጅም መንገድ ሲኬድ ማርሚታው ስለሚግል ተኑ ሁሉ ይወጣል። ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ብቻ እየተመላለሰ የሚጠፋ መኪና ግን ማርሚታው በቅጡ ሳይግል ስለሚቆም ውሃው ውስጡ ይቀራል። ማርሚታ ከውስጥ ወደ ውጪ የሚበሳው ስለዚህ ነው።

ጨው የጫነ መኪና

በአሜሪካና በአውሮፓ ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ መኪኖቻቸው ቶሎ የሚዝጉትም በዚህ ነው። እኛ ጋ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። ነገር ግን የአገራችን የገበታ ጨው በብዛት የሚመጣው ከአፋሩ አፍዴራ ሐይቅ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ መገንጠያ ናት። ከገበያ ጨው በካሶኒው ላይ ጭኖ የተመለሰ ፒክአፕ ሳያውቀው የአሜሪካንን ክረምት ይዞ መጣ ማለት ነው።

ጨው ሦስት ክፉ ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ውሃው ኤሌክትሪክን በደንብ እንዲያስተላልፍ ስለሚያደርግ ባትሪው ይጠነክራል። ሁለተኛ፣ በውስጡ ያለው ክሎራይድ ብረቱ ላይ ሊፈጠር የሚችለውን ቀጭን መከላከያ ይሰብራል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ጨው ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። ንጹሕ የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ መርጠብ ይጀምራል። ባልተጣራ ጨው ውስጥ የሚገኘው ማግኒዥየም ክሎራይድ ግን ከ33 በመቶ ጀምሮ ይረጥባል። አስቡት፤ እኛ ለቆዳችን ደረቅ ነው የምንለው አየር ለዚያ ብረት እርጥብ ነው። ጨው የነካው ስንጥቅ የእርጥበት ሰዓቱ በበጋም አይቆምም።

የበግና የከብት ሽንት፣ ከከረጢት የፈሰሰ ማዳበሪያም እንደዚሁ ጨዎች አሉባቸው። በግ ጭኖ የዋለ ካሶኒ “ነገ ይታጠባል” ሳይባል ያን ዕለት በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት።

ቀለሙ ደህና ነው፤ ውስጡስ?

የፒክአፕ አካል የሚያርፈው ሻሲ በሚባለው መሰላል መሰል የብረት መዋቅር ላይ ነው። በብዙዎቹ ላይ የሻሲው ክፍሎች ውስጣቸው ባዶ እንደሆነ ሳጥን ናቸው። ጭቃና ውሃ በቀዳዳዎቹ ይገባል፤ መውጫ ካላገኘ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከውጪ ጥቁር ቀለሙ ያማረ ሻሲ ከውስጥ ሊበላ ይችላል።

ይህ የአሮጌ ጋራዥ ወሬ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የቶዮታ ታኮማ፣ ቱንድራና ሴኮያ ባለቤቶች “ሻሲው በቂ የዝገት መከላከያ አልተደረገለትም” ብለው ከሰው ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ጥፋተኛነትን ሳያምን ለስምምነት በቃ። ስምምነቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን የሚመለከት ሲሆን ወጪው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል። በዓለም ታዋቂ የሆነ አምራችም ቢሆን ከዝገት አያመልጥም።

እኛ ጋ የተለመደው ጥገና ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ላሜራው ሲበሳ ዝገቱን በቅጡ ሳያነሱ ስቱኮ ይሞሉና ቀለም ይቀቡታል። ለሁለት ወር ያምራል፤ ከዚያ እንደ ብጉር ያብጣል። ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ፦ ከሥሩ የቀረው ዝገት ውሃ ይዟል፤ ባትሪው ሥራ ላይ ነው፤ አዲሱ ዝገትም ብዙ ቦታ ስለሚፈልግ ቀለሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ዝገት ላይ ቀለም መቀባት ቁስል ሳያጥቡ መጠቅለል ነው።

በሐረጎ ቁልቁለት ላይ

አሁን ወደ ሕይወት ጉዳዩ እንምጣ። የጫነ ፒክአፕ ክብደቱ 2.5 ቶን ቢሆን፣ ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል ወደ ኮምቦልቻ 650 ሜትር ሲወርድ ወደ 16 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል። ይህ ጉልበት ከ50 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ሞተሩና ንፋሱ ይይዙታል፤ የቀረውን መያዝ ያለበት ፍሬኑ ነው።

የእግራችንን ግፊት ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው በሻሲው ጎን የሚሄድ ቀጭን የብረት ቱቦ ነው። የግድግዳው ውፍረት ብዙውን ጊዜ 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትርም ያነሰ። በሻሲው ላይ በተያዘበት ቦታ ሁሉ ጭቃ ይሰበሰባል። ዝገቱ ቱቦውን እያሳሳው ቆይቶ፣ ሹፌሩ ፍሬኑን በኃይል በረገጠበት ቅጽበት ሊበሳው ይችላል። ያ ቅጽበት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቁልቁለት ላይ ነው። ስለዚህ አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው ለበሩ ውበት ከመጨነቁ በፊት የፍሬን ቱቦውን ይይ። ቅርፊት የሠራ ቱቦ አይጠገንም፤ ይቀየራል። የፍሬን ዘይቱም ውሃ ከአየር ስለሚስብና ቱቦውን ከውስጥ ስለሚጎዳ፣ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

“ሳይቃጠል በቅጠል” እንደሚባለው፣ አብዛኛው ሥራ ርካሽ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ መሥራት ነው እንጂ።

መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን ክፈቱ። በእያንዳንዱ በር የታችኛው ጠርዝና ከበሩ ሥር ባለው ባዶ የላሜራ ሳጥን ላይ ትንንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሉ። ሻሲውም ላይ አሉ። በአቧራና በቅጠል ይደፈናሉ። በቀጭን የእንጨት ስንጥር መክፈት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከሁሉም ርካሹና ምናልባትም ከሁሉም ጠቃሚው ሥራ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሥር እጠቡ። ላቫጆ ስትሄዱ ብዙ ሰው ላዩን አሳምሮ ይወጣል። እናንተ “ከሥሩም ይታጠብልኝ” በሉ፤ የፓራፋንጎው ውስጥ፣ የባሌስትራው መያዣ፣ የሻሲው ማዕዘን። የተጋገረ ጭቃ መጀመሪያ በውሃ ርሶ መነሳት አለበት፤ ግማሹን አርጥቦ መተው ካለመንካት ይብሳል። ከታጠበ በኋላ ወዲያው ማቆም ሳይሆን ትንሽ መንዳትና ፀሐይና ንፋስ ላይ በሮቹን ከፍቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ካሶኒው ላይ የሚነጠፈውን አንሱ። ምንጣፍ፣ ጭድ ወይም ጎማ ከሥሩ ውሃ ይይዛል። በየጊዜው ይነሳ፤ ካሶኒው ይድረቅ።

አራተኛ፣ ትንሿን ጭረት አትናቁ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ሚያበራው ብረት ድረስ ማንሳት፣ ማድረቅ፣ አንቲረስት መቀባት፣ ከዚያ ቀለም። ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ ድካም ብቻ ነው። የምትፈገፍጉት ዱቄት ሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

አምስተኛ፣ ለባዶ ሳጥኖቹ ቅባት። ከደረቁና ከጸዱ በኋላ የሻሲው ውስጥና የበሩ ታች በቅባት ቢሸፈን ውሃና ኦክስጅን ብረቱን አያገኙትም። ለቡሎኖችና ለመያዣዎች ተራ ግሪስ ይበቃል። ፍሬኑንና የፍሬን ላስቲኮችን ግን ቅባት እንዳይነካቸው።

መቼ? ለወሎ የአየር ጠባይ ሦስት ጊዜ ይመቻል። ጥር ላይ በልግ ሳይገባ ቀዳዳ መክፈትና ማየት፤ ግንቦት ላይ ክረምት ሳይጀምር ጭረት መጠገንና ቅባት መቀባት፤ ጥቅምት ላይ የክረምቱን ጭቃ ከሥር አጥቦ ማድረቅ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማንም ሰው በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር መግባት የለበትም። ጠንካራ ድጋፍ ይደረግ፤ ጎማዎቹም ይታገቱ።

የተቃጠለ ዘይት፣ ሬንጅ ወይስ ተልባ?

ብዙ ጋራዦች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከናፍታ ጋር ቀላቅለው ከሥር ይረጫሉ። ዘይት ውሃን ስለሚገፋ ለጊዜው ይጠቅማል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ያ ዘይት ሞተር ውስጥ ሲሠራ አሲድና የብረት ብናኝ ሰብስቧል። ላስቲኮችን ያበላሻል፤ ለቆዳም ጎጂ ነው፤ ካንሰር ሊያስከትሉ የሚችሉ ነገሮችም አሉበት። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ደግሞ አጥቦት ወደ ቦይ፣ ከቦዩም ወደ ቦርከና ይወስደዋል። ከደሴ የተረጨው ቦርከናን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። የአንዱ መኪና መድኃኒት የሌላው ሰው ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም።

ሬንጅስ? ንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ ከተቀባ ይጠቅማል። ዝገት ላይ ከተቀባ ግን ውሃውን ከሥሩ ይቆልፍበታል። ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባ ውሃ አይወጣም፤ ከላይ ስለተሸፈነም ዓይናችን አያየውም።

ከወሎ ማሳ የሚገኝ አንድ ተክል ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው፦ ተልባ። የተልባ ዘይት የሚደርቀው በመትነን አይደለም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይለወጣል። ዘመናዊ ቀለሞች ከመምጣታቸው በፊት በዓለም ላይ ብዙ የብረት ድልድዮች የተቀቡት በተልባ ዘይት በተለወሰ ቀለም ነበር። የኑግ ዘይትም ይህ ጠባይ አለው፤ ከተልባ ግን ቀርፋፋ ነው። ከዛሬው አንቲረስት አይበልጥም፤ ግን ሳይንሱን በእጃችሁ ለማየት ጥሩ ነው። ጥንቃቄ፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት።

ራሳችሁ ሞክሩት

አምስት ሚስማሮችን በብርጭቆ ወረቀት አጥሩ። አንደኛውን ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ከድኑት። ሁለተኛውን ግማሹ ከውሃ ውጪ እንዲሆን አድርጋችሁ ተራ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ሦስተኛውን እንደዚያው፣ ግን በአንድ ስኒ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ። አራተኛውን ግሪስ ቀብታችሁ በተመሳሳይ የጨው ውሃ ውስጥ። አምስተኛውን ለአሥር ደቂቃ በፈላና ተከድኖ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስምጡትና ላዩ ላይ የምግብ ዘይት አፍስሱበት። (ውሃውን ስታፈሉ ትልቅ ሰው አብሯችሁ ይሁን። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ አትደነቁ፤ ከፍታው ነው። ማፍላቱ የሟሟውን ኦክስጅን ያስወጣዋል።)

ከአንድ ሳምንት በኋላ የትኛው እንደዛገ፣ የትኛው እንዳልዛገ መዝግቡ። አምስተኛው ውሃ ውስጥ ሰምጦ እያለ ከሁለተኛው ለምን እንደተሻለ ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ፣ የዝገትን ነገር ገብቷችኋል ማለት ነው።

ከዚያ ከዛጉት አንዱን በጣም ወፍራም በሆነ የሻይ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ይጠቁራል። በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ከዝገቱ ጋር ተጣምሮ ጥቁር ውሕድ ስለሚሠራ ነው። ሱቅ ውስጥ “ዝገት ለዋጭ” ተብለው ከሚሸጡት ፈሳሾች አንዳንዶቹ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይባላል። ዝገትም እንዲሁ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ አይቸኩልም፣ ግን አያርፍም። የሚያርፈው ብረቱ ሲደርቅ ብቻ ነው። በሰፈራችሁ፣ በአጎታችሁ ጊቢ ወይም በጎረቤት ደጅ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ቆሞ ይሆናል። ነገ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ሂዱና ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በበሩ ሥር በጣታችሁ ዳብሱ፤ ቀዳዳዎቹን ፈልጉ። ከተደፈኑት አንዷን ከፍታችሁ ውሃ ጠብ ሲል ካያችሁ፣ የዚያን መኪና የእርጥበት ሰዓት በዚያች ደቂቃ አሳጠራችሁ ማለት ነው።